ለወንድሜ ያላለቀስሁበት ዓመት

ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፤ ቀጥሎ እኔ ነበርሁ የምጠራ። ብርቄ እባላለሁ፤ ቤቴ ጎንደር አራዳ ነው። ባለቤቴ አያ ተገኘ ጨውና በርበሬ ይቸረችራል፤ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ። ስሜ የሚታወቀው ግን በሱቁም በፈትሉም አይደለም፤ በለቅሶ ነው። ሙሾ አውራጅ ነኝ። ሟቹን ባላውቀው እንኳ ደጁን አይቼ፣ ከብቱን አይቼ፣ የሚስቱን ፊት አይቼ ግጥሙን አመጣዋለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ገበሬ፣

በሬው ይጠይቃል ጅራፉን አይቶ፣
ማን ነው የሚጠራኝ ስሜን ለይቶ።

ብዬ ባወርድ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ሳይቀር ዋይታ ተነሣ። ይህን የምለው ለመኮፈስ አይደለም። ምን እንደ ጠፋብኝ እንድታውቁልኝ ነው።

የምትጽፍልኝ ልጄ ሙሉ ናት፤ አስተማሪ ናት። ገና ስጀምር፣ "እማዬ፣ ይኼ እኮ የሴት ገመና ነው፤ እንዴት ይጻፋል?" አለችኝ። "አንቺ ጻፊ። ገመና ነው እያልን ዝም ስንል ነው እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የተንከራተትሁት" አልኋት። እያቀረቀረች ትጽፋለች።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት ቢሆን ነው። ጣሊያን ሲገባ ሙሉን በጀርባዬ አዝዬ የሸሸሁ ሴት ነኝ፤ ከዚያ ተነሥቼ ነው የምቆጥረው። ክረምቱ ላይ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ቁጭ ባልሁበት ከደረቴ ሙቀት ይነሣና በአንገቴ አድርጎ ፊቴ ላይ ይወጣል። ላብ ያጠምቀኛል፤ ላቡ ሳይደርቅ ደግሞ ይበርደኛል። እንዝርቱን ይዤ ምን ላደርግ እንደነበር ይጠፋኛል። ሃያ ዓመት ቡና የተጠራራኋትን ጎረቤቴን ስሟን ረሳሁትና "አንቺ" እያልሁ አለፍሁ። አያ ተገኘ መቼም ቀልድ አያልቅበትም፤ "ዘንድሮ ማገዶ ተረፈን፤ አንቺ አለሽልን" ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እሥቅ ነበር። ኋላ ሣቁ ቀረ። ንዴቱም ቀረ። ሙሉ ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጥታ ወረቀቷን ስታሳየኝ፣ "ሸጋ ነው" ብዬ ወረቀቱን መለስሁላት። ምንም አልተሰማኝም። ልጅቱ ፊቴን ስታጠና ትዝ ይለኛል።

ልማደ አንስቴም ተዛብቶ ነበር። በአንዱ ወር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለት ወር ድርሽ አይልም። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ምን ብዬ? እኛ ዘንድ ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ በቅጥሩ በር ቆማ ትሳለማለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለውም። ማረጥ የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ግን ማረጥ ማለት አንድ ቀን ደሙ ይቆማል፣ በቃ፣ አለቀ፣ ነበር የሚመስለኝ። የእኔ መች ቆመና!

በኅዳር ወር ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ ደንቢያ ውስጥ ቆላ ድባ ላይ በወባ ሞተ። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ሲሞቱ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያሳደገኝ እሱ ነው። ለወግ ለማዕረግ ያበቃኝ፣ ለአያ ተገኘ የዳረኝ እሱ ነው። የሚኖርበትም ቤት የአባታችን ቤት ነው። ወንድም ብቻ አይደለም የሞተብኝ።

በጭነት ማኪና ወርደን ደረስን። ከሩቅ ሲያዩኝ "ብርቄ መጣች! ብርቄ መጣች!" ተባባሉ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ዋይታው ዝም አለ። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ለባዳው እንዲያ ያለችው ለእናቷ ልጅማ ምን ትል ይሆን ነው ነገሩ። መሐል ገባሁ። ሙቀቱ ተነሣብኝ፤ ላቡ በጀርባዬ ወረደ። አፌን ከፈትሁ። "ወንድሜ" አልሁ። ከዚያ ስሙን ልጠራ ብል ስሙ ጠፋኝ። ያሳደገኝን ሰው ስም! ቆምሁ። ሰው ይጠብቃል። ግጥም የለ፣ እንባ የለ፣ ስም የለ። አንዲት ሌላ ሴት ከዳር ሆና ጀመረችልኝ፤ እኔ ቁጭ አልሁና የሰዉን እግር ሳይ ዋልሁ። እንዲያው እግር።

ከቀብር መልስ የወንድሜ ሚስት ይታይሽ ከለቀስተኛው መካከል ብድግ አለች። እኩያዬ ናት፤ ሠላሳ ዓመት እህቴ ሆና የኖረች። "እዩልኝማ!" አለች ጣቷን ቀስራ። "ለባዳ ስታለቅስ የኖረች ሴት ለእናቷ ልጅ አንዲት ዘለላ እንባ ነፈገችው! ምነው ብርቄ? ምን አደረገሽ? እንግዲህ ለሙት ዓመቱ በደረቅ ዓይንሽ መጥተሽ በደጄ እንዳላይሽ። በሩን ነው የምዘጋብሽ!" ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እንግዲህ አንድ ዓመት ተሰጠኝ። እስከ ሙት ዓመቱ እንባዬ ካልተመለሰ የወንድሜ ቤት፣ የአባቴ ቤት ተዘጋብኝ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ እንኳ አልደነገጥሁም። አለመደንገጤን አያ ተገኘ አይቶ እሱ ደነገጠ።

ከቆላ ድባ ስንመለስ ሌሊት ሌሊት ላቡ ባሰ። ቀሚሴን አውልቄ እጨምቃለሁ። ያን ጊዜ ደንቢያ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካላበውና ከበረደው ሌላ ስም አይሰጠውም፤ ወባ ነው። ጎረቤትም ወባ ነው አለ፤ እኔም ወባ ነው አልሁ። ወንድሜን የበላው ነገር እኔንም ያዘኝ ብዬ ክሊኒክ ሄድሁ። ከጠዋት ጀምሮ በድንጋይ መደብ ላይ ተደርድረን ስንጠብቅ ውለን ከሰዓት ገባሁ። ድሬሰሩ ግንባሬን ዳሰሰኝ።

"ከየት መጣሽ?"

"ከአራዳ። ቆላ ድባ ለለቅሶ ወርጄ ነበር።"

"በቃ" አለ፤ ጽፎ ሰጠኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እሱንስ ምን ልበለው፤ እኔም አልነገርሁት።

ኪኒኑ መራራ ነው። ሆዴን አገላበጠው፤ ጆሮዬ ጭው እያለ ሰው ሲያናግረኝ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ይመስለኝ ጀመር። አያ ተገኘ እጄን ይዞ፣ ማር አስከትሎ፣ እንደ ሕፃን ያስውጠኛል። ጨረስሁት፤ ላቡ ግን አልሄደም። ሁለተኛ ሰጡኝ። ሦስተኛ ሰጡኝ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ መጥታ "ይኼ የወባ አይደለም፤ ዛር ነው። ጥቁር ዶሮ ይታረድላት" አለች። አያ ተገኘ "ዶሮ ከታረደችማ እኛው እንበላታለን" ብሎ አስወጣት። እሷ ከወጣች በኋላ ግን አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አየሁት።

የካቲት ላይ ጠበል ገባሁ። ሰባት ቀን ተስዬ ነበር። ጠበልተኞቹ በሣር ጎጆ አብረን ነው የምናድረው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ ደም። ደም ያያት ሴት ጠበል አትገባም፤ ዝም ብላ ዕቃዋን ሰብስባ ትወጣለች። ቢቆም ብዬ ጠበቅሁ፤ ሳምንት አልፎት አልቆመም። ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ገባሁ። በአምስተኛው ቀን ያው ሆነ። አንዲት እማሆይ ብቻ አይታኝ ከነጠላዋ ቁራጭ ቀድዳ ሰጠችኝ፤ ምንም ሳትጠይቀኝ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሌሎቹ ግን ከኋላዬ "ጠበሉ አስወጣት! ሁለት ጊዜ ነው ያስወጣት!" ሲሉ ሰማሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አራዳ ገባ። ጠበል የሚያባርራት ሴት ያለ ነገር አይደለም ተባለ። ለወንድሟ አላለቀሰችም፤ ጠበሉም አልተቀበላትም፤ እንግዲያው ወንድሟን የሆነ ነገር አድርጋው ቢሆን ነው ተባለ። አስደግማበት ነው ያለም አለ። እግዚኦ በሉ! የእኛ ሰው ሁለት ነገር ካገኘ ሦስተኛውን ራሱ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ለለቅሶ የጠራኝ የለም። ሰፈሬ ውስጥ ሰው ሞቶ ዋይታውን በግድግዳ ሰማሁት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደሜን የደበቅሁት በሽታ ነው ብዬ አልነበረም። ለላቡ ክሊኒክ ሄድሁ፤ ለድንዛዜው ጠበል ሄድሁ፤ ደሙን የትም አልወሰድሁትም። ሦስቱ አንድ ቤት የሚኖሩ መሆናቸው በሕልሜም አልመጣልኝ።

ሐምሌ ላይ ለገብርኤል ደሙ እንደ ቧንቧ ለቀቀ። ሁለት ቀን ታግዬ በሦስተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ጨው ስሰፍር ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አያ ተገኘ በጋሪ ጭኖኝ ዝናብ እየመታን ነው። ሆስፒታል ወሰደኝ። በመተላለፊያው ወለል ላይ ከብዙ ሰው ጋራ ተቀመጥን። አንዷ ነፍሰ ጡር ታቃስታለች፤ አንዱ ሽማግሌ ዳዊቱን ይደግማል። አያ ተገኘ ጋቢውን ከሥሬ አነጠፈና እሱ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። እሞታለሁ ብዬ አሰብሁ። ብሞትም ምንም አይደለም ብዬ አሰብሁ። ከሁሉ የሚያስፈራው ሐሳብ እሱ ነበር፤ እኔ ግን አልፈራሁትም።

የተቀበለችኝ አዋላጅ ነርስ ከሙሉ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት። መጀመሪያ አያ ተገኘን "አባቴ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩ" አለችው። በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ከዚህ በፊት የወር አበባዎ መቼ ነበር የመጣው?"

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

"አይፈሩ፤ እኔም ሴት ነኝ።"

ቀን በወረቀት አላውቅም፤ በበዓል ነው የማውቀው። ጣቴን እያጠፍሁ ነገርኋት። ለጥምቀት መጣ። ለኪዳነ ምሕረት ጠበል ሳለሁ መጣና ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ጾሙ እስኪፈታ የለም። ለዳግማይ ትንሣኤ መጣ። ከዚያ እስከ ሐምሌ ገብርኤል የለም። እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ሳልጠየቅ ቀጠልሁ፤ ሙቀቱን፣ ላቡን፣ እንቅልፉን፣ የጠፋኝን የወንድሜን ስም፣ ይታይሽን፣ ጠበሉን፣ ሁሉን። አልከለከለችኝም።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ መረመረኝ። ክፉ ዕጢ እንዳይኖር አንድ ነገር ወስደን እናያለን ተባለና ስምንት ቀን ተኛሁ። በስምንተኛው ቀን ልጅቱ መጥታ "ዕጢ የለም፤ እንኳን ደስ ያለዎ" አለችኝ። "እያረጡ ነው፤ ማረጥ አንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም። መንገድ አለው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ደሙ ይዛባል፤ ሙቀቱና ላቡ ይመጣል፤ እንቅልፍ ይሄዳል። ብዙ ሴት ነገር ይጠፋታል፤ ሆዷ ይባባል ወይም ልቧ ይደነዝዛል።"

"ወባውስ?"

"ደምዎን አይተናል፤ ወባ የለብዎትም። የነበረብዎትም አይመስለኝም።"

"ለወንድሜ ያላለቀስሁትስ?"

"ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው፣ ወራት ያልተኛ ሰው ነዎት። ሐዘኑ ደግሞ በላዩ መጣ። ክፉ ሆነው አይደለም" አለችኝ።

"መቼ ነው የሚመለስልኝ?"

"አላውቅም።"

በዚያ ዓመት ካገኘኋቸው ሁሉ አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ያመንኋት።

ለደሜ ማነስ የብረት ሽሮፕ ሰጡኝ። ለሙቀቱ መድኃኒት አልሰጡኝም፤ ስስ ልብስ ልበሺ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አትደራርቢ፣ በርበሬውን ቀነስ አድርጊ ነው ያሉኝ። የበርበሬ ነጋዴ ሚስት! ለእናንተ የማደርሰው ግን ይኸን ነው፤ ደም ሲበዛ እንደ እኔ እስክትወድቁ አትጠብቁ። ዓመት ሙሉ ቆሞ ደግሞ ድንገት ከታየ "ተመለሰልኝ" ብላችሁ ዝም እንዳትሉ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ልጅቱ ይህን ሁለት ጊዜ ነው የደገመችልኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ለአያ ተገኘ ነገርሁት። ለወንድ ይነገራል ወይ አትበሉኝ፤ ነገርሁት። "ታዲያ ያን ሁሉ መራራ ኪኒን በከንቱ ነው ያስዋጥሁሽ?" አለና አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ እኔ አጠገቡ ሆኜ አየሁት። እጁን ግን ያዝሁት፤ መያዝ እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው የያዝሁት።

መስከረም ላይ መተኛት ጀመርሁ። መጀመሪያ ሦስት ሰዓት፣ ኋላ አምስት። ላቡ አልተወኝም፤ ግን ሲመጣ ምን እንደሆነ አውቃለሁና "ና፣ እለፍ" እለዋለሁ። የጎረቤቶቼ ስም ተመለሰ። አንድ ቀን ጥጥ ስባዝት "ደሴ" አልሁ፤ በአፌ ሞልቶ ወጣ። እንባ ግን አልተከተለውም። ጥቅምት አለቀ። ኅዳር ገባ። እንባ የለም።

አያ ተገኘ "ታመመች ብዬ እኔው ልሂድ" አለኝ። "አይሆንም፤ በሩን ከዘጋችው ተዘግቶ ልየው" ብዬ አብሬው ወረድሁ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ደጁ በሰው ሞልቷል። ካህናቱ ፍትሐት ላይ ናቸው። ይታይሽ ስታየኝ ከተቀመጠችበት ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ከስታለች። ሁሉም ዓይኔን ነው የሚያየው።

"አለቀስሽ?" አለችኝ።

"አላለቀስሁም። እንባ አልመጣልኝም፤ አሁንም የለም። የሴት ጉዳይ ነው ይታይሽ፤ ልንገርሽና ከዚያ ዝጊው።"

እጄን ይዛ ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ። ከጎተራው ጀርባ ቆመን ነገርኋት። ደሙን፣ ላቡን፣ ወባ ነው መባሉን፣ ነርሷ ያለችኝን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጎተራው ላይ ተደገፈች።

"ሌሊት ቀሚስሽን ታወልቂና ትጨምቂዋለሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስም ይጠፋሻል?"

"አዎ።"

"እኔም ሦስት ጊዜ የወባ ኪኒን ዋጥሁ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ብርቄ፣ እኔም አላለቀስሁም። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርሁ ባሌ ሞቶ አንድ ዘለላ አልወጣኝም። በነጠላዬ ተሸፍኜ እጮህ ነበር እንጂ ዓይኔ ደረቅ ነበር። አንቺ ስትቆሚ አየሁሽ። ሰው አንቺን ካየ እኔን አያየኝም ብዬ ነው የጮህሁብሽ" አለችኝ።

ሰው ሲጠራን ሰማን። መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድሁም። ማዘንም ነበረብኝ። "ሰኞ ጎንደር ይዤሽ እሄዳለሁ" አልኋት፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ይታይሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና እጄን እንደያዘች ይዛኝ ወጣች። ሰዉ ሁሉ እያየ ከአጠገቧ፣ ከባለ ሐዘኖቹ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሌሎቹ አለቀሱ። እኛ ሁለታችን ደረቅ ዓይናችንን ሳንሸፍን እስኪያልቅ ተቀመጥን።